በሐዋሳ ፎቶን በታብሌት ማስተካከል፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ፎቶን በታብሌት ኤዲት ማድረግ ማለት ከካሜራ የወጣን ምስል ኮምፒውተር ሳይነካ በጣት ወይም በብዕር ስክሪን ላይ ማስተካከል ነው። ብርሃን፣ ቀለም፣ አቆራረጥ፣ የፊት ጥራት ሁሉ በዚሁ ይሠራል። ሥራው የትም አገር አለ። የሐዋሳው ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው በሐይቁ ምክንያት ነው።

ከተማችን ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ስለዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከውሃው ባሻገር ነው። ሙሽራውም፣ ተመራቂውም፣ ለሽርሽር የመጣውም እንግዳ ሐይቁን ከጀርባው አድርጎ መነሳት ይፈልጋል። ሰዓቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ 10 እስከ 12 ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ካሜራ ይዞ የቆመ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል። ውሃው ወርቅ ይመስላል፣ የሰዎቹ ፊት ግን ይጠቁራል። ለፊቱ ተብሎ ምስሉ በደንብ እንዲበራ ከተነሳ ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የተሻለው መንገድ ብርሃኑን ለሰማዩ ለክቶ ማንሳትና የጠቆረውን ፊት በኋላ በኤዲት ማውጣት ነው። የሐዋሳ ኤዲተር ከሚሠራው ሥራ ትልቁ ይሄ ነው።

ከታብሌት በፊት የነበረው ዘመን የፎቶ ቤት ነው፤ መጀመሪያ ፊልም ይታጠብ ነበር፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር ገባ።

አይፓድ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ያኔ ፎቶ ለማሳየት እንጂ ለመሥራት ብዙም አይሆንም ነበር። በ2011 ኒክ ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ ስናፕሲድ የተባለውን የፎቶ ማስተካከያ መተግበሪያ ለአይፓድ አወጣ። ጉግል በ2012 ኩባንያውን ገዛው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ስናፕሲድ ነፃ ሆነ፤ ለአንድሮይድም ደረሰ። ይህ እኛ አገር ከሚታሰበው በላይ ትልቅ ነገር ነበር። በውጭ ገንዘብ የሚከፍልበት ካርድ የሌለው ሰው ደህና የኤዲት መተግበሪያ በእጁ ገባለት። ዛሬም ብዙ ሰው ሥራውን የሚለማመደው በእሱ ነው።

አዶቤ በ2011 ፎቶሾፕ ተች የሚባል መተግበሪያ ለአንድሮይድ ታብሌቶች አውጥቶ ነበር። በ2012 ለአይፓድም አደረሰው፣ በ2015 ግን ተወው። ሌላው የአዶቤ ፎቶ ማስተካከያ ላይትሩም በ2014 አይፓድ ላይ ሲመጣ ኮምፒውተር ላይ ካለው ላይትሩም ጋር የተያያዘ ነበር። የካሜራውን ሮው ፋይል (ካሜራው ሳያስተካክል እንዳለ የሚያስቀምጠውን ምስል) እዚያው ታብሌቱ ላይ መክፈት የተቻለው በ2016 ነው። ለእኔ እውነተኛው መጀመሪያ ይህ ዓመት ነው። ብዕሩ ከዚያ ጥቂት ቀድሞ መጥቷል። ሳምሰንግ ኤስ ፔንን በ2012 በጋላክሲ ኖት 10.1 ታብሌት ላይ አቀረበ፤ አፕል ደግሞ በ2015 መጨረሻ አይፓድ ፕሮን ከአፕል ፔንስል ጋር አወጣ። በ2017 አፊኒቲ ፎቶ የተባለው መተግበሪያ ለአይፓድ በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚገዛ ሆኖ መጣ። በኖቬምበር 2019 ሙሉው ፎቶሾፕ ለአይፓድ ተለቀቀ፤ ሲጀምር ግን ከርቭስን (ብርሃንና ቀለምን በመስመር የሚያስተካክለውን) የመሰለ መሠረታዊ መሣሪያ እንኳን አልነበረውም። በዚያው ዓመት አይፓድ የውጭ ሃርድ ዲስክ ማንበብ ጀመረ። ካፕቸር ዋን የተባለው የሮው ማስተካከያ ለአይፓድ የመጣው በ2022 ነው።

ሐይቁ ዳር ወደጠቆረው ፊት እንመለስ። ኮምፒውተር ላይ ፊትን ለይቶ ማብራት ብዙውን ጊዜ በማውስ የሚሠራ ነው። ማውስ ለእጅ አይመችም፣ የጉንጭን ጠርዝ ተከትሎ መሄድ ያቅተዋል። በብዕር ግን ልክ እንደ መሳል ነው። ብዙዎቹ የኤዲት መተግበሪያዎች ላይ ብዕሩን ሲጫኑት ብሩሹ ይበረታል፣ ሲለቁት ይሳሳል። ፊቱ ላይ ማስክ (ማስተካከያው የሚነካውን ቦታ የሚለይ ሽፋን) ይቀባል፣ ብርሃኑ ትንሽ ከፍ ይደረጋል፣ የጆሮና የአንገት ጥላ እንዳለ ይተዋል። ሰውን ወይም ሰማይን በራሱ የሚለይ ማስክም አለ። እሱ ለመነሻ ጥሩ ነው። የፀጉርንና የነጠላን ጠርዝ ግን በእጅ ማረም ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ የሚያምረው ፎቶው በሮው ከተነሳ ነው። የተለመደው የተጨመቀ ፎቶ፣ ጄፔግ፣ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ አለው። ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 አለው። የጠቆረ ፊት ከጄፔግ ውስጥ ሲወጣ ይቦጫጨራል፣ ከሮው ሲወጣ ቆዳው ቆዳ ሆኖ ይቀራል። የሀበሻ ቀሚስም እንዲሁ ነው። ነጩ ጨርቅ ከመጠን በላይ ከበራ የፈትሉ መስመር ይጠፋል፣ ጥበቡ ብቻውን ተንሳፎ ይቀራል።

በቆዳ ቀለም ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በቴሌግራም የሚዞሩት ዝግጁ ፕሪሴቶች (በአንድ ንክኪ የሚጫኑ የቀለም ቅንብሮች) ብዙዎቹ የተሠሩት ለነጭ ቆዳ ነው። ጠይም ሰው ላይ ሲጫኑ አመዳም ወይም ብርቱካን ያደርጉታል። ላይትሩም ላይ የብርቱካኑን ቀለም ለብቻው ለይቶ ማስተካከል ይቻላል፤ የእኛ ቆዳ አብዛኛው እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ሰውን ሳያስፈቅዱ ማቅላት ደግሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ጠዋት ነገሩ ይገለበጣል። የዓሣ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል ላይ ፀሐይዋ ከከተማው በኩል ስለምትመጣ ጀልባውና ዓሣ አጥማጁ ፊት ለፊት ይበራሉ። እዚያ አስቸጋሪው አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ነው፤ ጀርባው ጥቁር፣ ደረቱ ነጭ። በጉዱማሌ የሲዳማ አዲስ ዓመት የሆነው የፊቼ ጫምባላላ በዓል ሲከበር ደግሞ ፎቶው በዕለቱ ይፈለጋል። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የሚፈልገው ሰው ሩቅ ያለም ነው። የካሜራውን ካርድ በካርድ ማንበቢያ ታብሌቱ ላይ ሰክቶ እዚያው ዛፍ ሥር መጨረስ ይቻላል። መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም፤ ጥሩ ታብሌት በአንድ ቻርጅ 10 ሰዓት ያህል ይሠራል።

የታብሌት ስክሪን ቀለም አይታመንም የሚሉ አሉ። በከፊል ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፣ እንደ ታብሌቱም ይለያያል። እኔ ራሴ አንድ ሙሉ ምርቃት ትሩ ቶን (የስክሪኑን ቀለም እንደ አካባቢው ብርሃን የሚለውጠው የአይፓድ ቅንብር) እንደበራ ኤዲት አድርጌ፣ ፎቶዎቹ ሲታተሙ ፊቱ ሁሉ ሰማያዊ ነክቶት አግኝቻለሁ። ስክሪኑ ብጫ መስሎኝ እኔው አቀዝቅዤው ነበር። ከዚያ ወዲህ ትሩ ቶንንና ማታ ስክሪኑን ብጫ የሚያደርገውን ናይት ሺፍትን ሳላጠፋ አልጀምርም። ማታ ስክሪኑን በጣም አብርቶ መሥራትም ያሳስታል፣ ህትመቱ ጨለማ ይወጣል። አንድ ፎቶ አስቀድሞ አሳትሞ ማየት ይሻላል።

የሠርግ ሥራ ሙሉ በሙሉ በታብሌት ያልቃል የሚለው አባባል ግን ስህተት ነው። 1,500 ሮው ፎቶ እያንዳንዱ ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ቢይዝ ወደ 40 ጊጋባይት ነው። ባለ 64 ጊጋባይት ታብሌት በአንድ ሠርግ ይሞላል። የአልበም ገጽ ማቀናበርም በትልቅ ስክሪን ይፈጥናል። ታብሌቱ የሚያሸንፈው በተመረጡት ፎቶዎች ላይ ነው፤ ከመልሱ በፊት መድረስ ያለባቸው 30 ወይም 40 ምስሎች።

ማስረከቢያው ብዙ ጊዜ ቴሌግራም ነው። ምስሉ በፎቶ መልክ ከተላከ ተጨምቆ ይደርሳል። በፋይል መልክ ሲላክ ግን እንዳለ ይሄዳል። ባለ 24 ሜጋፒክስል ምስል በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ወደ 50 በ 34 ሳንቲሜትር ድረስ ይታተማል፤ ሳሎን ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ይበቃል።