ኢንዲ ሙዚቃ ምንድን ነው? ከባንድ ወደ ግል ሥራ

ኢንዲ የሙዚቃ ስልት ስም አይደለም፤ ሮክም፣ ሬጌም፣ ትዝታም ኢንዲ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ለሥራው ገንዘቡን ማን አወጣ፣ መቼና እንዴት እንደሚወጣ ማን ወሰነ፣ ማስተሩስ (የተቀረጸው ዋናው ቅጂ) በማን እጅ ነው የሚል ነው። ለሦስቱም መልሱ ሙዚቀኛው ራሱ ከሆነ ሥራው ኢንዲ ነው።

በአገራችን የተለመደው መንገድ ሌላ ነበር። ድምፃዊው ግጥም ከአንዱ፣ ዜማ ከሌላው ይቀበላል፤ አቀናባሪ ያቀናብርለታል፤ ሙዚቃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ክፍያ ተረክቦ ካሴቱን ያሳትማል። ከዚያ በኋላ መቶ ሺህ ቢሸጥ ለድምፃዊው የሚተርፈው ስሙና የመድረክ ሥራው ነው። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚደርስ ሰው ግን ከሌላ የሚገዛው ነገር ትንሽ ስለሆነ፣ ከባንድ ሲወጣ ባዶ እጁን አይወጣም።

የባንድን ሕይወት በቅርብ ማየት የሚሻ ወደ ለገጣፎ፣ ወደ ሰበታ ወይም ወደ ኮዬ ፈጬ ይሂድ። ጀማሪ ባንዶች ወደ አዲስ አበባ ዳርቻ የሚወጡት ኪራዩ ስለሚቀንስላቸው፣ ራቅ ያለ ግቢ ካገኙም ድራም ሲመታ የሚቆጣ ጎረቤት ስለሌለ ነው። መድረኩ ግን መሃል ከተማ፣ በተለይ ቦሌ ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ ሚኒባስ አይገኝም፤ ለአምስት ከሚካፈለው ክፍያ ላይ የኮንትራት ታክሲው ደህና ድርሻ ይወስዳል። ባንድ ፈረሰ ሲባል ሰው ቶሎ ጠብን ያስባል። በእኔ እምነት ከጠብ ይልቅ ብዙ ባንድ ያፈረሰው ይህ ሂሳብ ነው። አንዱ ያገባል፣ ሌላው ሆቴል ውስጥ ቋሚ ሥራ ያገኛል፣ ዘፈኖቹን የሚጽፈው ደግሞ ያልተቀረጹ ሥራዎቹን ይዞ ይቀራል።

ስቱዲዮው ከዚያ በኋላ አንድ የኮንዶሚኒየም ክፍል ነው። ፍራሹ ከግድግዳው ይደገፋል፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ይሰቀላል፤ ላፕቶፕ፣ የድምፅ ካርድና አንድ ማይክሮፎን ካለ ሥራ ይጀመራል። ድምፁ የሚቀረጸው የአካባቢው ግንባታ ሲያርፍና መብራት ሲኖር ነው። ድራሙን ኮምፒውተሩ ይተካዋል። ቤዙን ግን ብዙውን ጊዜ የድሮው የባንድ ጓደኛ መጥቶ ይጫወትለታል፤ መምጣቱም ደግ ነው፣ ምክንያቱም ዘፈን ሌላ ጆሮ ይፈልጋል።

ድምፃዊ ባይሆንም፣ ለዚህ ጉዞ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ከኃይሉ መርጊያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ከዋልያስ ባንድ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶችንና የድራም ማሽን ይዞ ለብቻው ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ እስኪመጣ መኪናው ውስጥ ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም እርሱም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሰ።

አሁን ዘፈን ለመልቀቅ ሙዚቃ ቤት ማንኳኳት ግዴታ አይደለም። ገቢው ግን በራሱ አይመጣም፤ ለምሳሌ ዩቲዩብ ላይ ከረጃጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል ቢያንስ 1,000 ተከታዮችና በ12 ወራት ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ሥራ (ወይም በ90 ቀናት ውስጥ 10 ሚሊዮን ጊዜ የታዩ አጫጭር ቪዲዮዎች) ያስፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው አልበም ከማጠራቀም ነጠላ ዜማ በየጊዜው መልቀቅን ይመርጣል።

ብዙዎች ችላ የሚሉት የመብቱን ጉዳይ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል፤ ጥበቃውን ለማግኘት ምዝገባ ግዴታ አይደለም። በአንድ ላይ የተደረሰ ዘፈን ግን የጋራ ነው፤ ወጥቶ የሄደው ሰው ብቻውን «የእኔ ነው» ሊል አይችልም። በልምምድ ክፍል ውስጥ ጊታሪስቱ የጨመራት መግቢያ የዜማው አካል ናት ወይስ የቅንብሩ? ይህ ገና ባንዱ ሳይበተን፣ ለእያንዳንዱ ዘፈን ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተብሎ ከነድርሻው በወረቀት ሊሰፍርና ሁሉም ሊፈርሙበት ይገባል።