የእንግሊዝ ባላባቶች የብር ቀለም ማስቀመጫ

በ18ኛው መቶ ዘመን አንድ የእንግሊዝ ባላባት ደብዳቤ ሊጽፍ ሲቀመጥ ከፊቱ ከብር የተሠራ ትሪ ያገኛል። ያኔ ስታንዲሽ ይሉት ነበር፤ ኋላ ኢንክስታንድ ተባለ። ትሪው ላይ የቀለም ብልቃጥ፣ የዝይ ላባ ብዕር ማኖሪያና ክዳኑ የተበሳሳ የዱቄት መነስነሻ ይደረደራሉ። ዱቄቱ ብዙውን ጊዜ ሳንዳራክ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተፈጨ ነው፤ ቀለም እንዳይሰራጭ ወረቀቱ ላይ ይነሰነሳል። አንዳንዱ መሃሉ ላይ አሽከር መጥሪያ ቃጭል አለው። ሌላው ትንሽ መቅረዝ ይዟል፤ ሻማው የሚበራው በዋናነት የማሸጊያ ሰም ለማቅለጥ ነው።

ጌጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ዕቃው የተቀመጠ ገንዘብም ነበር። የእንግሊዝ ስተርሊንግ ብር ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ነው፤ የዚያን ጊዜ ሳንቲምም እንደዚያው። አንጥረኞች ሳንቲም እያቀለጡ ዕቃ መሥራት ሲያበዙ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1697 የዕቃውን መለኪያ ወደ 958 ከፍ አደረገው። ይህ ግዴታ እስከ 1720 ቆየ። ብዙ ዕቃዎች ሥር ክብደታቸው በአውንስ ተጭሮ የሚገኘውም ዕቃው እንደ ገንዘብ ስለሚቆጠር ነው። ጌታው ሲቸግረው ወይም ፋሽኑ ሲያልፍበት ያስቀልጠዋል። ስንት ጥሩ ሥራ እንዲህ እንደቀረ መገመት አያቅትም።

ዕቃውን ገልብጦ ማየት የሚያውቅ ሰው ታሪኩን ያነበዋል። ብሩ ላይ ከታተሙት ትንንሽ ምልክቶች የሚራመደው አንበሳ ከ1544 ጀምሮ የንጹሕነት ምልክት ነው። የነብር ራስ ለንደንን፣ መልሕቅ በርሚንግሃምን ያሳያል። ፊደሉ ዓመቱን፣ የስም ምሕጻሩ አንጥረኛውን ይናገራሉ። ከ1784 እስከ 1890 ደግሞ የነጋሢው ራስ ተጨምሯል፤ ግብር ተከፍሏል ማለት ነው።

የባለቤቱ ማንነት ግን ያለው ከላይ፣ በተቀረጸው አርማ ላይ ነው። ከአርማው በላይ ያለው ዘውድ ማዕረጉን ይነግራል፦ የዱክ ስምንት የእንጆሪ ቅጠል፣ የባሮን ስድስት ድቡልቡል አለው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ነው። የቀድሞው ባለቤት አርማ ተፍቆ የሌላ ሰው ሊቀረጽበት ይችላል። የተፋቀው ቦታ ሳስቶ በጣት ይታወቃል።

ምርጥ ከሚባሉት የለንደን አንጥረኞች አንዱ ፖል ደ ላሜሪ ነው። ቤተሰቡ ከፈረንሳይ የወጣ ፕሮቴስታንት ሲሆን፣ ራሱ በኔዘርላንድስ በ1688 ተወልዶ በልጅነቱ እንግሊዝ ገባ። ከደንበኞቹ አንዱ የመጀመሪያው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚባለው ሮበርት ዋልፖል ነበር። በወቅቱ ልማድ ንጉሥ ሲሞት የተሻረው የብር ማኅተም ይዞት ለነበረው ባለሥልጣን ይሰጣል። ቀዳማዊ ጆርጅ በ1727 ሲሞቱ ዋልፖል የግምጃ ቤቱን ማኅተም ወስዶ በላሜሪ እጅ ትልቅ የብር ትሪ አሠራበት። ጥቅማ ጥቅም ይሏል ይሄ ነው! ትሪው ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ባላባቶቹ በደብዳቤም የተለየ መብት ነበራቸው። የጌቶች ምክር ቤትም ሆነ የታችኛው ምክር ቤት አባል ደብዳቤው ላይ ስሙን ከፈረመ ፖስታ ቤት አያስከፍለውም። ወዳጅ ዘመዱ ሁሉ ፊርማ ለማኝ ሆነ። በ1840 መብቱ ተሽሮ ማንም ሰው በአንድ ፔኒ ደብዳቤ ይልክ ጀመር። በዚያው ዓመት የበርሚንግሃሙ ኤልኪንግተን ሌላ ብረት ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል ብር ለመቀባት የፈጠራ መብት አገኘ። መካከለኛው መደብም ብር የሚመስል የቀለም ማስቀመጫ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ከ1870ዎቹ ወዲህ የአሜሪካ እህል ገብቶ የእርሻ ገቢ ወደቀ። በ1894 ከበድ ያለ የውርስ ግብር መጣ። ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ለጨረታ አወጣ፤ ብዙው አትላንቲክን ተሻገረ። ዛሬ ገዢዎች አጥብቀው የሚመለከቱት ብልቃጦቹና መነስነሻው ከትሪው ጋር አንድ ዓይነት ምልክት እንዳላቸው፣ አርማውም ከመጀመሪያው የተቀረጸ መሆኑን ነው። ሁለቱ ከተሟሉና የቤተሰቡ የንብረት መዝገብ ከተገኘ ዋጋው ከብሩ ክብደት ጋር አይገናኝም።