የመሐል አዲስ አበባ ጎርፍና የተፋሰስ ዕቅድ

የመሐል አዲስ አበባ ጎርፍ የሚጀምረው ከእንጦጦ ነው። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ተራራ እስከ አቃቂ ሜዳ 1,000 ሜትር ያህል ትወርዳለች፤ ርቀቱ ግን 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የግንፍሌና የባንተይቀጡ ወንዞች በዚህ ቁልቁለት ወርደው የቀበናን ወንዝ ይቀላቀላሉ፤ ውሃው በትልቁ አቃቂ ወንዝ በኩል አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርስና ወደ አዋሽ ያልፋል።

በዓመት ከሚዘንበው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። አደጋ የሚያመጣው ግን የዓመቱ ድምር ሳይሆን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለቀቀው ዶፍ ነው። ተፋሰሱ፣ ማለትም ዝናቡን ወደ ወንዞቹ የሚሰበስበው መሬት፣ አጭርና ተዳፋት በመሆኑ ከላይ የዘነበው ዝናብ ታች ላለው ሰው የመሸሻ ጊዜ አይሰጠውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በከተማዋ የደረሰው ጎርፍ የሰባት ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

መሬቱ በአስፋልትና በጣሪያ መሸፈኑ ጉዳቱን ያባብሰዋል። በአንድ ሄክታር ላይ በአንድ ሰዓት 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 500 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ሣርና ዛፍ ያለበት ቦታ ከዚህ ሲሶውን ወደ ቦይ ቢለቅ፣ አስፋልትና ቆርቆሮ ጣሪያ ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉን ይለቃሉ፤ ያው ዝናብ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጎርፍ ይወልዳል ማለት ነው። እንጦጦም ደን ለብሷል ተብሎ አይታለፍም። ቅጠሉ ለማገዶ ተጠርጎ በሚወሰድበት የባሕር ዛፍ ሥር ውሃውን የሚይዝ ነገር አይቀርም።

የተፋሰስ ሞዴል፣ ማለትም የውሃውን ጉዞ በኮምፒዩተር የሚያሰላ ዘዴ፣ ይህን ሁሉ በቁጥር ያያይዛል። የዝናቡን ጥንካሬ፣ የመሬቱን ተዳፋትና ሽፋን፣ የቱቦውንና የድልድዩን ስፋት ተቀብሎ ውሃው በየትኛው ሰዓት የት ቦታ ምን ያህል እንደሚሞላ ያሰላል። ለከተማ ፍሳሽ ስሌት በዓለም ዙሪያ ከሚሠራባቸው ፕሮግራሞች አንዱ፣ በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኤስ ደብሊው ኤም ኤም የሚባለው፣ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1971 የተዘጋጀ ነው። ፕሮግራሙን ማግኘት አይከብድም፤ የሚከብደው እውነተኛ መረጃ መመገብ ነው። በወረቀት ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ መሬት ላይ በደለል፣ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሹ ተደፍኖ ከሆነ ስሌቱ ሐሰት ይናገራል።

ስለዚህ ሞዴሉ ነዋሪውን ይፈልጋል። በቀበናና በግንፍሌ ዳር የኖሩ እናቶችና አባቶች ውሃው የት ድረስ እንደወጣ፣ የትኛው ድልድይ ሥር ቆሻሻ እንደሚታጎር ያውቃሉ። የዝናብ መለኪያ በማይደርስበት ሰፈር ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ ምልክት ስሌቱን ለማረም ይበቃል። ወጣቶች የሚለኩት የቦይ ጥልቀት፣ እድር የሚያውቃቸው የአቅመ ደካሞች ቤቶች፣ ሁሉም የዕቅዱ ግብዓት ናቸው። ነዋሪውን የሚጠራው ካርታው ካለቀ በኋላ ለማጽደቅ ብቻ ከሆነ ዕውቀቱ ባክኖ ይቀራል።

መሥሪያ ቤቶቹም እንዲሁ ተለያይተው መሥራት አይችሉም። የጎርፍ ቦይ የመንገዶች ባለሥልጣን፣ የመጸዳጃ ፍሳሽ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ ትንበያው የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ነፍስ ማዳኑ የእሳትና አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ሥራ ነው። የቀበናና የገባሮቹ ተፋሰስ ደግሞ ጉለሌን፣ የካን፣ አራዳን፣ ቂርቆስንና ቦሌን ያዳርሳል። ላይ ያለው ክፍለ ከተማ ቦዩን አስፍቶ ውሃውን ቢያፈጥነው፣ ታች ያለው ከቀድሞው የበለጠ ጎርፍ በአጭር ጊዜ ይቀበላል። የጋራ ሞዴል ትልቁ ጥቅም ይህን ከግንባታው በፊት ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዲያዩት ማድረጉ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው የሸገር ወንዝ ዳርቻ ልማት፣ ኋላም የኮሪደር ልማቱ፣ የመሐል ከተማውን መልክ ለውጠዋል። ለወንዝ የተተወ አረንጓዴ ዳርቻ ውሃ ሲሞላ የሚተኛበት ቦታ ይሰጠዋል፤ በግንብ የጠበበ ዳርቻ ግን ወደ ታች ይገፋዋል። ከወንዝ ዳር የሚነሱ ቤተሰቦችም ከሥራቸውና ከጎረቤቶቻቸው የማይርቅ ቦታ ማግኘታቸው የዕቅዱ አካል መሆን አለበት። መንገዱና ቦዩ በተለወጠበት ሰፈር ሁሉ የቀድሞው ልኬት ስለማይሠራ ቱቦዎቹና ድልድዮቹ እንደገና መለካት፣ ቦዮቹም ሰኔ ሳይገባ መጠረግ አለባቸው።