ታብሌት የኢሜይል አባሪ አልልክ ሲል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የጨረታ ሰነድ ወይም የሥራ ማመልከቻ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኢሜይሉ አውትቦክስ (ገና ያልተላኩ መልእክቶች የሚቆዩበት ሳጥን) ውስጥ ተገትሮ ከቀረ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ታብሌቱን ነው። ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ የጥገና ሱቆችም ቶሎ የሚታዘዘው መድኃኒት «ሪሴት»፣ ማለትም ሁሉን አጥፍቶ ታብሌቱን እንደ አዲስ ማድረግ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ፦ አባሪ የሌለው አጭር ኢሜይል ለራስዎ ይላኩ። ከደረሰ ችግሩ ፋይሉ ወይም የመስመሩ አቅም ነው፤ ካልደረሰ አካውንቱን፣ ኢንተርኔቱን ወይም ሰዓቱን ይፈትሹ።

«ቴሌግራም እየሠራ ነው፤ ስለዚህ ኢንተርኔት አለ»

የገዙት ጥቅል ለማኅበራዊ ሚዲያ ብቻ ከሆነ ቴሌግራም ይሠራል፣ ኢሜይል ግን አይንቀሳቀስም። በሆቴልና በካፌ ዋይፋይም መጀመሪያ ብሮውዘር ከፍቶ በመግቢያ ገጹ ማለፍ ሊያስፈልግ ይችላል። በተጨማሪም ቴሌግራም ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ ስለሚያሳንሰው ቶሎ ይሄዳል፤ ኢሜይል ግን እንዳለ ሊጭነው ይችላል። የመጫኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ከሆነ፣ 18 ሜጋባይት ፋይል፣ ከታች እንደምናየው በኢሜይል ሲላክ መጠኑ ስለሚጨምር፣ ከ3 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ ፍጥነቱ ሩብ ሲሆን 13 ደቂቃ ይደርሳል። እስኪያልቅ ስክሪኑ አይጥፋ፣ ከመተግበሪያው አይውጡ፣ ዳታ ቆጣቢውንና ባትሪ ቆጣቢውን ያጥፉ።

«ጂሜይል 25 ሜጋባይት ይፈቅዳል፤ 20 ቢሆን ምን ችግር አለው?»

የእርስዎ ጣሪያ የተቀባዩ ጣሪያ አይደለም። ኢሜይል አባሪን የሚያጓጉዘው ወደ ፊደልና ቁጥር ለውጦ ስለሆነ መጠኑ ከሲሶ በላይ ይጨምራል፦ 20 ሜጋባይቱ በመንገድ ላይ 27 ይሆናል። የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ሰርቨር 10 ሜጋባይት ብቻ የሚቀበል ከሆነ፣ ከ7 በላይ የሆነ ፋይል ባይልኩ ይሻላል። ኢሜይሉ «ተልኳል» ከተባለ በኋላ 552 የሚል ቁጥር ያለበት መልስ ከመጣ፣ መልእክቱ ከብዷል ወይም የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል ማለት ነው።

«ዚፕ ካደረግሁት ይቀንሳል»

ፎቶና ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ቀድሞውኑ የታመቁ ናቸው፤ ዚፕ እምብዛም አያሳንሳቸውም። በካሜራ የተነሱ 15 ገጾች፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት ቢሆኑ፣ 60 ሜጋባይት ናቸው። ገጾቹን በስካን መተግበሪያ በጥቁርና ነጭ፣ በ150 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) እንደገና ቢያነሷቸው አንድ ገጽ በአብዛኛው ከ1 ሜጋባይት በታች ይሆናል፣ ጽሑፉና ማኅተሙም ይነበባሉ። ቀለሙ መታየት ያለበትን ገጽ ብቻ በቀለም ያንሱ።

«የታብሌቱን ቀን በእኛ አቆጣጠር ብናስተካክለው ምንም አይሆንም»

ይህኛው ሳይጠረጠር የሚያልፍ ነው፤ እኛ አገር ግን ሊዘነጋ አይገባም። የኢሜይል ሰርቨር ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ሰርተፍኬት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን አለው። የታብሌቱ ዓመት 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ሲሆን ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም ተብሎ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ያን ጊዜ ባዶ ኢሜይልም አይሄድም። ብሮውዘሩ ደግሞ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ያስጠነቅቃል። ሴቲንግ ገብተው ቀንና ሰዓትን በራሱ እንዲያስተካክል ያድርጉ፣ የሰዓት ክልሉንም አዲስ አበባ ይበሉት። የእኛን ቀን ማየት ከፈለጉ የኢትዮጵያ ካላንደር መተግበሪያ ይጫኑ።

«ታብሌቱ ቦታ አለው፤ ስለዚህ ሞልቶ አይደለም»

የጉግል አካውንት ነጻ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ጂሜይል፣ ድራይቭና ጉግል ፎቶስ ይጋሩታል። ፎቶዎች ሞልተውት ከሆነ ኢሜይል መላክም መቀበልም ይቆማል።

«ሪሴት ይፈታዋል»

ከላይ ካሉት አብዛኞቹን አይፈታም። ይልቁንም ያልተላከውን መልእክትና ታብሌቱ ላይ ብቻ ያለውን ፋይል ያጠፋል። መተግበሪያው ራሱ ከተንገዳገደ ካሹን (መተግበሪያው ለጊዜው ያስቀመጣቸውን ፋይሎች) ብቻ ያጽዱ፤ «ዳታ አጽዳ» የሚለውን አይንኩ። ፋይሉ ፍላሽ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ታብሌቱ ይቅዱት። አሁንም ከከበደ ድራይቭ ላይ ጭነው ሊንኩን ይላኩ፤ ሆኖም ፈቃዱን «ሊንኩ ያለው ሁሉ» ወደሚለው ይቀይሩት። አለበለዚያ ተቀባዩ ሰነዱን ለመክፈት ከእርስዎ ፈቃድ መጠየቅና መልስ መጠበቅ ይኖርበታል። የጨረታ ሰነድ ከሆነ ግን ሊንክ ተቀባይነት እንዳለው መመሪያውን አስቀድመው ያንብቡ።