ፕሪሚየም ሰንጢ ምንድን ነው? ዋጋውንስ ያወጣል?

ፕሪሚየም ሰንጢ የሚባለው ከ150 ዶላር ጀምሮ እስከ 500 ዶላር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚጠራበት ታጣፊ ቢላዋ ነው። አዎ፣ ሰንጢ። ብርቱካን የምንልጥበት፣ የጆንያ አፍ የምንበጥስበት፣ ገበያ ላይ ሸንኮራ የሚላጥበት ያው ሰንጢ። ውጭ ያለ ዘመድ «ምን ላምጣ?» ሲል ልጅ ስሙን ጠርቶ ያዛል፤ አባት ደግሞ ዋጋውን ሲሰሙ «ለሰንጢ? በዚህ ብር እኮ በግ ይገዛል!» ይላሉ። እኔ ወደ አባትየው አደላለሁ። ግን ልጁም ዝም ብሎ አላበደም፣ ገንዘቡ የሚሄድበት ቦታ አለው።

አንዱ ብረቱ ነው። ተራ ብረት ቀልጦ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ፣ ስለቱን የሚያቆዩት ካርባይድ የሚባሉ ጠንካራ ቅንጣቶች በደንብ እንዳልታሸ ሊጥ ጓል ሠርተው ይቀራሉ። የውዶቹ ሰንጢዎች ብረት ሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። የቀለጠው ብረት በኃይለኛ ጋዝ ተረጭቶ ዱቄት ይሆናል፤ ዱቄቱ ደግሞ በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ እንደገና አንድ ወጥ ብረት ይሆናል። ቅንጣቶቹ ደቃቅ ሆነው እኩል ስለሚሰራጩ ስለቱ ቶሎ አይዶለዱምም፣ ቶሎ አይሸረፍምም። ክሩሲብል የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው ኤስ30ቪ እንዲህ ያለ፣ ለቢላዋ ተብሎ የተቀመመ ብረት ነው። በ2021 ደግሞ ላሪን ቶማስ የተባለ የብረት ተመራማሪ የቀመመው ማግናከት መጣ። ዝገትንም መሸረፍንም መዶልዶምንም አንድ ላይ ስለሚችል የሰንጢ ወዳጆች አብደውለታል።

እዚህ ላይ ነው ጆሮ ማቆም ያለብን። ኤስ30ቪ ውስጥ 4 በመቶ ያህል ቫናዲየም የሚባል ማዕድን አለ፤ የቫናዲየም ካርባይድ ደግሞ ከተለመደው መሳያ ድንጋይ ይጠነክራል። ደጃፋችን ላይ ያለችው፣ ከወንዝ የመጣች፣ መሃሏ በካራ ተበልቶ የጎደጎደችው ድንጋይ እዚህ ብረት ላይ አቅሟ ትንሽ ነው። ውሃ ታፈስሳለህ፣ ትፈትጋለህ፣ ክንድህ ይዝላል፣ ብረቱ ግን ከመብረቅረቅ አልፎ ብዙም አይሳልም። የአልማዝ መሳያ ይፈልጋል። ስለዚህ ለወራት ሳይሳል ይቆያል የተባለው ሰንጢ ቡሬ ወይም ሞጣ ላይ ሆነህ አንድ ቀን ሲዶለዱምብህ፣ ዶልዱሞ ይከርማል። የስዊዙ ቪክቶሪኖክስ ሰንጢ ብረቱ ለስለስ ያለ ነው፤ ሮክዌል በሚባለው የጥንካሬ መለኪያ 56 አካባቢ ነው፣ ማግናከት ደግሞ 62ና ከዚያ በላይ። ቪክቶሪኖክሱ ቶሎ ይዶለዱማል፣ እውነት ነው። ግን በዚያችው ድንጋይ ጥቂት ጊዜ ወዲህ ወዲያ ብትለው ስለቱ ይመለሳል። ለገጠር ሰው የቱ ነው የተሻለው?

የኛ ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ ካራ ሲሠሩ የኖሩትም በከንቱ አይደለም። ባሌስትራ ጥሩ የቢላዋ ብረት ነው። ዋናው እሳቱ ላይ ነው፦ ብረት ግሎ በቶሎ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ግን ይሰበራል፤ መልሶ በልኩ ሲሞቅ ነው ለሥራ የሚሆነው። ባክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚሸጠው 110 የተባለ ሰንጢ ዛሬም 420ኤችሲ በሚባል ርካሽ ብረት ነው የሚሠራው፣ እሳቱ በደንብ ስለተያዘ ማንም አያማርረውም። ሻጭ የብረት ስም ብቻ ሲደረድርልህ ይህን አስታውስ።

ቀሪው ገንዘብ ማጠፊያው ላይ ይወድቃል። ሰንጢውን ክፈተውና ስለቱን በጀርባው በኩል በሁለት ጣት ይዘህ ግራ ቀኝ ነቅንቀው። ርካሹ ይላወሳል። እጠፈውና ከላይ ተመልከተው፤ ስለቱ ከእጀታው ሁለት ግድግዳዎች መሃል ላይ መተኛት ሲገባው የርካሹ ወደ አንዱ ተጠግቶ ይፋቃል። አሁን ሰቤንዛ የሚባለውን እንይ። ከደቡብ አፍሪካ ወደ አሜሪካዋ አይዳሆ የሄደው ክሪስ ሪቭ ያመጣው ነው፣ ዋጋው ከ400 ዶላር ይዘላል። እጀታው ቲታኒየም ነው። አንዱ የእጀታው ጎን ራሱ ተሰንጥቆ እንደ ሞላ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ስለቱ ሲከፈት ከኋላው ገብቶ ይደግፈዋል። ሌላ መቆለፊያ የለውም፣ እጀታው ራሱ መቆለፊያ ነው። ሲታጠፍም ሲከፈትም አይነቃነቅም። እንዲህ ለመግጠም ብዙ ማሽንና ብዙ እጅ ይጠይቃል፣ ዋጋው ከሰማይ የወረደ አይደለም።

ግን ጣትህን ከመቆረጥ ለማዳን 400 ዶላር አያስፈልግም። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 ፈረንሳይ ውስጥ የጀመረው ኦፒኔል የሚባል ሰንጢ አለ፣ 20 ዶላር ገደማ ነው። የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ከ1955 ጀምሮ የገባ የብረት ቀለበት። ስለቱን ከፍተህ ቀለበቱን በአውራ ጣት ስታዞረው ስለቱ መመለሻ ያጣል። አለቀ። ችግሩ የጎጃም ክረምት ነው፤ እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ በጥርስ ካልሆነ አልከፈትም ይላል (በጥርስ አትሞክሩ)። የማይዝገውን ዓይነት ምረጡ፤ ሌላኛው ሎሚ ስትቆርጡበት ይጠቁራል።

አሁን ወደ ዋጋው መናር። ቤንችሜድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያወጣው ቡግአውት የተባለ ቀላል ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ2017 ገበያ ሲገባ ከ150 ዶላር በታች ነበር፣ ዛሬ ወደ 180 ተጠግቷል። ብረቱ ያው ኤስ30ቪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ከውጭ በሚገባ ብረትና ዕቃ ላይ ቀረጥ ጨመረች፤ ክሩሲብል ራሱ በ2024 መጨረሻ ኪሳራ አውጆ ቀጥሎ ተዘጋ። በዚያ ላይ ሰብሳቢው በዝቷል፤ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ዋጋ አያስፈራውም።

እኛ ጋ ግን ከዶላሩ ዋጋ በላይ የጎዳን ብሩ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። 180 ዶላር በ57 ሲባዛ 10,260 ብር ነው። በ100 ብር ብትመታው 18,000፣ ዛሬ ደግሞ 100 ራሱ ትዝታ ሆኗል። ሰንጢው ሳይሻሻል እኛ ነን የራቅነው።

ስለዚህ ያወጣል ወይ? እስከ 50 ዶላር ድረስ የምትጨምረው ገንዘብ ሥራ ላይ ይታያል፦ የማይላወስ ማጠፊያ፣ በልኩ የጠነከረ ብረት። እስከ 100 ቢሄድም ይገባኛል። ከ150 በኋላ የምትገዛው የእጅ ደስታ ነው። ደስታ መግዛት ነውር አይደለም፣ ሰዓትም የሚገዛው ለዚያ ነው፤ ግን «ለሥራ ነው» ብለህ አባትህን አትሸውድ። ፍኖተ ሰላም አካባቢ አቮካዶና ማንጎ የሚያዳቅል ሰው እንኳ፣ ከማናችንም በላይ ሹል ስለት የሚፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ፣ የሚያስፈልገው አንድ ጎኑ ብቻ የተሳለ ርካሽ የማዳቀያ ቢላዋ ነው።

ደግሞ ይሄ አለ፦ ባንክ ስትገባ ጥበቃው በር ላይ ፈትሾ ይቀበልሃል። የሃያ ሺህ ብር ሰንጢህን ጠረጴዛ ላይ ትተህ ወረፋ ስትጠብቅ ልብህ የት እንደሚሆን አስበው።

ፎርጂዱም ብዙ ነው። ቀይ እጀታ ላይ ነጭ መስቀል ስላለ ብቻ ቪክቶሪኖክስ አይባልም፤ ዋናው ሲከፈትም ሲታጠፍም ሞላው «ቀጭ» ብሎ ይቀበላል፣ የኩባንያው ስም ስለቱ ሥር ተቀርጿል፣ እጀታው ላይ የሙጫ ዝርክርክ የለም። ውዶቹም ፎርጂድ አላቸው፣ በሩብ ዋጋ ሰቤንዛ አለ ካሉህ ሰቤንዛ አይደለም።

ካልገዛሁ ያልክ እንደሆነ፣ ለዘመድህ ሁለት ነገር ንገረው። ሰንጢው በእጅ ሻንጣ አይገባም፣ አየር መንገዱ በሚረከበው ትልቁ ሻንጣ ይሁን። ከሱ ጋርም ትንሽ የአልማዝ መሳያ ይጨምር። ፋብሪካዎቹ «ላኩልን፣ በነፃ እንስልላችኋለን» የሚሉት ለደብረ ማርቆስ ሰው አይሠራም፣ የፖስታው ሂሳብ ብቻውን ሌላ ሰንጢ ይገዛል።