የደቡብ ኮሪያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት

የደቡብ ኮሪያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ጀመረ። መነሻው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ያስገኘው። ፍርድ ቤቱ 9 ዳኞች አሉት፤ 3ቱ ከፕሬዝዳንቱ፣ 3ቱ ከፓርላማው፣ 3ቱ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት በኩል ይመጣሉ። ሕገ መንግሥት ይተረጉማሉ። (እኛ አገር ይህ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሥራ ነው።) ፓርላማ የከሰሰውን ፕሬዝዳንት ከሥልጣን ለማውረድ የ6 ዳኞች ድምፅ ያስፈልጋል። በ2004 ፕሬዝዳንት ሮ ሙ ህዩንን ወደ ወንበራቸው መለሱ፤ በ2017 ፕሬዝዳንት ፓርክ ግዩን ሄን አወረዱ።

ዲሴምበር 3 ቀን 2024፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፕሬዝዳንት ዩን ሱክ ዮል ቴሌቪዥን ላይ ብቅ ብለው ወታደራዊ ሕግ አወጁ። ፖለቲካ ታገደ፤ ሚዲያው በወታደር ቁጥጥር ሥር ነው ተባለ። ግን አንቀጽ 77 አለ። ከፓርላማው አባላት ከግማሽ በላይ የሆኑት «ይነሣ» ካሉ ፕሬዝዳንቱ አዋጁን የማንሣት ግዴታ አለባቸው። ከ300 ሰው 151 ማለት ነው። ችግሩ 151 ሰው አዳራሽ ማስገባቱ ላይ ነበር፤ በሩን ፖሊስ ይዞታል። የ67 ዓመቱ አፈ ጉባኤ ዉ ዎን ሺክ አጥር ዘለው ገቡ። የቢሮ ሠራተኞች ወንበርና ጠረጴዛ ደርድረው መተላለፊያውን ዘጉ፤ በእሳት ማጥፊያ ወታደሮቹን ነፉባቸው። ውጭ ደግሞ ሰዉ ከቤቱ እየወጣ የወታደሮቹን መኪኖች ከበበ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 190 አባላት ተገኙ፤ 190ዎቹም «ይነሣ» አሉ። ሊነጋጋ ሲል አዋጁ ተነሣ።

ከዚያ ፓርላማው ዩንን ከሥልጣን ለማውረድ ክስ አነሣ፤ ክሱ ግን ወዲያው አልተሳካም። ዲሴምበር 7 ገዥው ፓርቲ አዳራሹን ጥሎ ወጣና ድምፁ ጎደለ። በሳምንቱ በ204 ድምፅ አለፈ። ፍርድ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሌላ ጣጣ፦ 3 ወንበር ባዶ ነው። የቀሩት 6 ብቻ፤ አንዱ እምቢ ካለ አለቀ። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን 2 ዳኞች ተጨመሩ።

ክረምቱን ሰዉ ጎዳና ላይ ከረመ። ወጣቶቹ የሙዚቃ ኮንሰርት መብራታቸውን ይዘው መጡ። ሰልፍ መውጣት ያልቻለው አቅራቢያው ካፌ ደውሎ ለማያውቀው ሰው ቡና አስቀድሞ ከፈለ። የዩን ደጋፊዎችም ዝም አላሉም፤ በጃንዋሪ አንድ ፍርድ ቤት መስኮት ሰባብረው ገብተዋል።

ኤፕሪል 4 ቀን 2025 ስምንቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ ዩንን አወረዱ። ፓርላማው አዋጁን በፍጥነት ሊያስነሣ የቻለው፣ ይላል ውሳኔው፣ ዜጎች ስለተቃወሙና ወታደሩና ፖሊሱ ትእዛዙን ዳተኛ ሆነው ስለፈጸሙ ነው።