ቀሪ የእንቅልፍ አፕኒያ ምንድን ነው?

ማንኮራፋቱ ቆሟል፤ አጠገቡ የምትተኛው ባለቤቱም እፎይ ብላለች። እሱ ግን ጠዋት አፉ ደርቆ፣ ራሱን እያመመው ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ይጥለዋል። ለእንቅልፍ አፕኒያ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ በሽታው አልለቀቀው ይሆናል። ከቀዶ ሕክምና በኋላም የሚቀጥለው የትንፋሽ መቆራረጥ ቀሪ አፕኒያ ይባላል።

እንቅልፍ ሲይዘን የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። አፕኒያ ባለበት ሰው ላይ መንገዱ ይዘጋና አየር ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቋረጣል። የተለመደው ቀዶ ሕክምና እንጥልን፣ የላንቃን ጠርዝና ቶንሲልን ይነካል። የሚርገበገበው ሥጋ ሲቀነስ ድምፁ ይጠፋል፤ መንገዱን የሚዘጋው ወደ ኋላ የሚወድቀው ምላስ ከሆነ ግን ያ ቦታ አልተነካም።

«ተሳክቷል» የሚለውን ቃልም መመርመር ያስፈልጋል። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት መለኪያ፣ በሰዓት የሚቆጠረው መቆራረጥ በግማሽ ቀንሶ ከ20 በታች ከወረደ ተሳክቷል ይላል። ከ60 ወደ 18 የወረደ ሰው በዚህ ስሌት አልፏል። ይሁንና ከ15 እስከ 30 ያለው መካከለኛ አፕኒያ ነው፤ ሕክምና ይፈልጋል። ለዚህ ነው ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ማንኮራፋት ባይኖርም፣ የእንቅልፍ ምርመራው ይደገም የምለው።

ቀሪ አፕኒያ ከተገኘ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰበው ሲፓፕ ነው፤ በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው መሣሪያ። ብዙዎች ቀዶ ሕክምና የመረጡት እሱን መልበስ አቅቷቸው ስለሆነ፣ ወደ እሱ መመለስ ሽንፈት ይመስላቸዋል። ስሜቱ ይገባኛል፤ ግን ሽንፈት አይደለም። ጉሮሮው ተለውጧልና የድሮው ግፊት እንደገና መለካት አለበት፤ አንዳንዱ ሰው ከበፊቱ ያነሰ ግፊት ይበቃዋል። በሌላ በኩል ላንቃው ካጠረ አየሩ በአፍ ሊያመልጥ ይችላል። ያኔ አፍንጫንም አፍንም የሚሸፍን ጭምብልና አየሩን የሚያረጥብ ዕቃ ብዙ ያግዛሉ።

ሲፓፕ ፈጽሞ ካልሆነ፣ ጉሮሮው የት ላይ እንደሚዘጋ በዓይን ማየት ይቻላል፤ በመድኃኒት አስተኝተው ቀጭን ካሜራ በአፍንጫ ያስገባሉ። የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚስብ የጥርስ መሣሪያ በተለይ ለቀላሉና ለመካከለኛው አፕኒያ ይታዘዛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 የተፈቀደው፣ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበር አነቃቂ መሣሪያ ደግሞ የምላስን ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ ላንቃው ዙሪያውን ለሚዘጋ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይመከርም። ሁለቱንም መንጋጋ ወደ ፊት የሚያመጣው ቀዶ ሕክምና ከባድ ነው፤ ውጤቱ ግን ከላንቃው ቀዶ ሕክምና ይበልጣል። ክብደት መቀነስም ከማንኛቸውም ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ቲርዜፓታይድ የተባለው መርፌ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ አፕኒያ ላለባቸው አዋቂዎች በአሜሪካ ተፈቅዷል።

ይህ ሁሉ እስኪጣራ ድረስ ቀን ላይ የሚያንቀላፋ ሰው መኪና አይንዳ። ለሌላ ሕመም ማደንዘዣ የሚሰጠው ከሆነም «አፕኒያዬ ድኗል» ከማለቱ በፊት የምርመራውን ቁጥር ለሐኪሙ ያሳይ።